ማታ ላይ የሚያበራው አይን የማን ነው? (ስለ ተኩላው ፊልም ለጠየቅሽኝ)

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር ሰላም ነው? ሀዋሳ ነው ምኖረው፣ ፋብሪካ ነው ምሰራው፣ ከሺፍት ምንወጣው ማታ 4 ሰአት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከቤት ልጆቹ ጋ ወልፈን ሚባል የድሮ ሆረር ፊልም አየን፣ ኒውዮርክ ውስጥ ተኩላ የመሰሉ ነገሮች ሰው ሚበሉበት። ሰውን በሙቀት ነው ሚያዩት፣ ከለሩ ሁሉ ይቀያየራል። ከዛ ወዲ መንገድ ላይ ሁለት አይን ሲያበራ ባየሁ ቁጥር ልቤ ልትወጣ ትደርሳለች። እውነት እንደዛ አይነት አውሬ ማንም ሳያውቅ ከተማ ውስጥ መኖር ይችላል? በሙቀት ማየትስ አለ? የኛ ጅብስ? አያቴ ደሞ ጅብ ሁሉ ጅብ አደለም ትላለች።»

እህቴ ሰላም ነው። መልሱ ይረዝማል፣ ቡና አቅርበሽ አንብቢው። እኔ የእንስሳት ሀኪም ነኝ፣ በኋላ ወንዶ ገነት ገብቼ የዱር እንስሳ ተምሬያለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ ሰው እኔን ሚጠይቀኝ ዶሮዬ እንቁላል አቆመች፣ ላሜ ጡቷ አብጧል ምናምን ነው እንጂ ሆረር ፊልም አይቶ ሚመጣ የለም፣ ስለዚ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ፊልሙን ላላዩት ማስጠንቀቂያ፣ መጨረሻውን ጭምር ነው ማወራው።

ፊልሙ በ1981 በፈረንጅ ነው የወጣው፣ ከሶስት አመት በፊት ከታተመ ልብወለድ ተወስዶ። ዳይሬክተሩ ማይክል ዋድሊ ዉድስቶክ ላይ የተደረገውን ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ዶክመንተሪ አርጎ ኦስካር የበላው ፊልም ባለቤት ነው፣ መርማሪ ፖሊሱ አልበርት ፊኒ፣ ያ ቀልደኛው የአስከሬን ሀኪም ደሞ ግሪጎሪ ሃይንስ። ያ አመት በቃ የተኩላ አመት ነበር፣ ሰው ወደ ተኩላ ሲቀየር ቆዳው ሲለጠጥ አጥንቱ ሲንቋቋ ሚያሳዩ ሌሎች ሁለት ትልልቅ ፊልሞች በዛው አመት ወጥተዋል። ይሄኛው ግን ማንንም አይቀይርም። መጨረሻ ላይ ፊት ለፊት ምታያቸው እውነተኛ እንስሳት ናቸው፣ ጭምብል ያጠለቀ ሰው የለም፣ ለዛም ይመስለኛል ካየሽው በኋላ ከጭንቅላትሽ አልወጣ ያለው፣ ጭምብልን ሰው ይረሳል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ። ተኩላ ከተማ ውስጥ ማንም ሳያውቅ ይኖራል ወይ? ሂሳብ እንስራ። አንድ አዋቂ ተኩላ በአማካይ በቀን 3 ኪሎ ስጋ ይፈልጋል እንበል። 8 ሆነው ቢኖሩ 24 ኪሎ በቀን፣ በአመት ወደ 9 ሺ ኪሎ ሊጠጋ ነው። ይሄን ለማግኘት ነው ጫካ ውስጥ አንድ መንጋ በአብዛኛው መቶዎች ካሬ ኪሎ ሜትር ይዞ ሚዞረው። ፊልሙ ያለበት ብሮንክስ (የኒውዮርክ አንዱ ክፍል ነው) ደሞ ሙሉው ከነህንጻው 109 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኛ የሀዋሳ ሐይቅ 90 ምናምን ነው፣ ከሱ ትንሽ ነው ሚበልጠው። ስለዚ አውሬዎቹ ወይ ሰው በገፍ መብላት አለባቸው ወይ ሌላ ምግብ ማግኘት አለባቸው። ሌላ ምግብ ካገኙ ግን ይችላሉ፣ እዚ ጋ ነው ነገሩ። ጣልያን ውስጥ አብሩዞ ሚባል ተራራማ አካባቢ በ1970ዎቹ ተኩላዎቹን ተከታትለው ያጠኗቸው ሰዎች ማታ ማታ ቆሻሻ መጣያ ላይ ሲበሉ አግኝተዋቸዋል። ከሁሉ ሚገርመኝ ራሱ ብሮንክስ ነው፣ ፊልሙ ከወጣ ከአስር አመት በኋላ፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ማለት ነው፣ ኮዮቴ ሚባለው የተኩላ ትንሽ ዘመድ በራሱ እግር ሄዶ ብሮንክስ ፓርኮች ውስጥ መኖር ጀመረ። እስካሁን አለ። አይጥ እያሳደደ፣ ሰው ሲያይ ዞር እያለ። ፊልም ሰሪዎቹ ተነበዩ ልበል? ግማሹን።

ሌላውን ግማሽ፣ ማለትም ሰው በገፍ ሚለውን፣ ፊልሙ ራሱ ሚመልስበት መንገድ አለው፣ እና እኔ ከመላው ፊልም ሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሳውዝ ብሮንክስ በ1970ዎቹ ብሎክ በብሎክ የተቃጠለ ሰፈር ነው፣ ያ ምታይው ፍርስራሽ ለቀረጻ ብለው የገነቡት አደለም፣ ቤተክርስቲያኗ ብቻ ነች ለፊልሙ ተብላ የተሰራችው፣ ሌላው እንዳለ የነበረ ነው። አውሬዎቹ እዛ ሚበሉት ማንን ነው? በሽተኛ፣ ሱሰኛ፣ ቤት የሌለው፣ ጠፋ ብሎ ፖሊስ ጋ ሚሄድለት ዘመድ የሌለው። ስንት ጊዜ እንደዛ ሲሆን እንደኖረ አይታወቅም። ፖሊስ ሚንቀሳቀሰው አንድ ሀብታም ሪል እስቴት ሰሪ ከነሚስቱ ከነሾፌሩ ሲገደል ነው። ያን ጊዜ ሄሊኮፕተር፣ ኮምፒውተር፣ የአሸባሪ ኤክስፐርት፣ ሁሉም ይመጣል። ስለዚ «ማንም ሳያውቅ» ላልሽው መልሴ ይሄ ነው፣ እንስሳው ስለተደበቀ አደለም ያልታወቀው፣ ሚቆጥር ስለሌለ ነው። ይሄን ደሞ ከኒውዮርክ መማር አያስፈልገንም፣ እኛ አገር ጅብ ሰው ጎዳ ሲባል መጀመሪያ ሚነሳው በረንዳ ላይ ሚያድር ሰው ነው፣ ወይ ደጅ የተኛ እረኛ፣ ወይ ህጻን። በሩን ዘግቶ የተኛ ሰው ጋ ጅብ አይመጣም።

ስለ ማየቱ። ያንን ከለር ላብራቶሪ ውስጥ ፊልሙን አጥበው በጥበብ የሰሩት ነው፣ ካሜራው ደሞ መሬት ለመሬት ሚንሳፈፍ ስለሆነ አንቺ ራስሽ አውሬው የሆንሽ ይመስልሻል። ከስድስት አመት በኋላ ሽዋርዜኔገር ጫካ ውስጥ ከማይታየው ፍጡር ጋ ሚታገልበት ፊልም ላይም ተመሳሳይ ነገር አይተሻል። አሪፍ ነው ግን ተኩላ እንደዛ አያይም። ተኩላም ውሻም ሰማያዊና ቢጫ ነው በደምብ ሚለየው፣ ቀይ ለሱ የደበዘዘ ቢጫ ቡናማ ነገር ነው። እኛን ሚበልጠን ጨለማ ላይ ነው፣ ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል፣ አይኑ ጀርባ ላይ መስታወት የመሰለ ሽፋን ስላለ አንዴ ያለፈውን ብርሃን መልሶ ያሳልፈዋል። ሙቀት ማየት የእባብ ስራ ነው፣ ያውም የሁሉም አደለም፣ ዘንዶ ለምሳሌ ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ባሉ ጉድጓዶች ሞቃት ነገር ይለያል።

ብዬ ልዘጋው ነበር፣ ግን በ2020 አንድ ጥናት ወጣና ክፍል ውስጥ ለተማሪ ስናገር የኖርኩትን ነገር ትንሽ አስተካከልኩ። ውሻ አፍንጫ ነክተሽ ታውቂያለሽ አደል? ሁሌ ቀዝቃዛ ነው፣ ሌላው ሰውነቱ ሞቆ እሱ ብቻ በረዶ። ለምን እንደሆነ ማንም በቅጡ አያውቅም ነበር። ስዊድኖችና ሀንጋሪዎች ሶስት ውሾች አሰልጥነው ከአንድ ሜትር ተኩል ትንሽ በሚርቅ ቦታ ሁለት አንድ አይነት ነገር አስቀመጡ፣ አንደኛውን ትንሽ ሞቅ አድርገው፣ በአይንም በማሽተትም እንዳይለዩት አድርገው፣ ውሾቹ ሞቃቱን መረጡ። በአፍንጫቸው ማለት ነው። ስለዚ ፊልሙ ከለሩን አበዛው እንጂ ሙቀት ሚለው ነገር ጨርሶ ቅዠት አልነበረም። ግን ከቅርብ ነው፣ በደካማው ነው፣ አንቺን ከመንገድ ማዶ ቀይ አርጎ ሚያይ ውሻ የለም።

እና ያ ሚያበራው አይን። አይን በራሱ አያበራም። ያ ከኋላ ያለው መስታወት የባጃጁን መብራት ወይ የስልክሽን ፍላሽ ነው መልሶ ሚልክልሽ። መብራት ከሌለ አይኑ የለም። ደሞ ይሄ ሽፋን ድመትም አላት ላምም አላት በግም አለው። ግማሹን ጊዜ የፈራሽው የሰው በግ ነው።

ተኩላ ካልሽ ደሞ እውነተኛው ተኩላ ጎረቤታችን ነው፣ ሩቅ ሳትሄጂ። ከዚ ሻሸመኔ፣ ከዛ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ አርገሽ ባሌ ተራራ ስትወጪ ቀይ ቀበሮ ታገኛለሽ። ስማችን ላይ ችግር አለ፣ ቀበሮ እንለዋለን እንጂ በዘሩ ተኩላ ነው፣ ብዙ ሰው ደሞ ተኩላ ሲል የዱር ውሻን ነው ሚያስበው፣ ያንን ጆሮው ክብ ዝንጉርጉሩን። ለማንኛውም ሳነቴ ላይ 4 ሺ ሜትር አካባቢ ቁጭ ብለሽ ብታዪው ያ ፊልም ያሳቅሻል። ቀጭን ነው፣ ቀይ ነው፣ ከ11 እስከ 20 ኪሎ ቢመዝን ነው፣ ፍልፈል ጉድጓድ ላይ አንድ እግሩን አንስቶ እንደ ሃውልት ይቆማል፣ ከዛ ዘሎ ያዘው ወይ ሳተው። ማደን ሚያድነው ለብቻው ነው፣ ማታና ንጋት ላይ ነው መንጋው ተገናኝቶ ሰላም ሚባባለው። በ2024 ደሞ ይሄው ተኩላ የአበባ ማር ሲልስ ታይቷል ተብሎ ተጻፈ፣ አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ እየዞረ፣ አፍንጫው ቢጫ በቢጫ ሆኖ። አለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ሁሉም እኛ አገር። እነሱን ማን እንደሚጨርሳቸው ወደ በኋላ እመጣበታለሁ፣ እዛ ላይ ነው ያንቺም ጉዳይ ያለው።

ጅብ። ጅብ ተኩላም ውሻም አደለም፣ ዝምድናው ወደ ድመት ወገን ነው፣ ይሄን ስነግራቸው ሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። የፊት እግሩ ከኋላው ስለሚረዝም ነው ሚያነክስ ሚመስለው፣ «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ያልነው ለዛ ነው፣ አባባሉ ቆንጆ ነው ግን ምስኪኑ አስመሳይ አደለም፣ አጥንቱ ነው። ከሰፈርሽ ሚሰማው ጩኸት ደሞ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሰማል፣ ስለዚ አጥር ስር ነው ብለሽ ምታስቢው አላሙራ ተራራ ማዶ ሊሆን ይችላል።

ከተማ ውስጥ ምን ይበላል? እኛ ምንጥለውን። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር አሳ ገበያው ጋ፣ ሄደሽ አባ ኮዳዎቹን አይተሻል፣ እነዛ ሽማግሌ ኮት የለበሰ የመሰሉ ትላልቅ ወፎች፣ አሳ አጥማጁ ቆሮሶውን ሲገፍና አንጀቱን ሲወረውር እግሩ ስር ተሰልፈው ሚጠብቁት። ጅብ ማለት የማታው አባ ኮዳ ነው በቃ። መቀሌ ላይ በተሰራ አንድ ጥናት ጅቦቹ በአመት ከ200 ቶን በላይ ጥምብና ተረፈ ስጋ ከከተማው እንደሚያነሱ ተሰልቷል፣ በዛም ምክኒያት አባ ሰንጋና የከብት ቲቢ ሊይዛቸው ሚችል ከብቶችና ሰዎች ይተርፋሉ። ማዘጋጃ ቤት ደሞዝ ሳይከፍላቸው ማለት ነው።

ሌላ አንድ ጥናት አለ ሁሌ ማወራው፣ ያውም ትግራይ ውስጥ ነው የተሰራው። ሰዎቹ የጅብ ሰገራ ሰብስበው ውስጡ ያለውን ጸጉር ለዩ፣ ከሁዳዴ በፊት፣ በሁዳዴ ውስጥ፣ ከፋሲካ በኋላ። በጾሙ ጊዜ ስጋ ቤት ይዘጋል፣ ማንም አያርድም፣ ቆዳና አጥንት ሚጥል የለም፣ እና የአህያ ጸጉር ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ጅቡ ያለ ፈቃዱ 55 ቀን ጾመና አህያ ማደን ጀመረ። ፋሲካ ሲመጣ ደሞ መልሶ ቀነሰ። ይሄን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዛ ማስታወሻ ያዝኩ፣ ምክኒያቱም ሁዳዴ ላይ ነው ለኔም ስልክ ሚበዛብኝ።

ከነዛ ስልኮች አንዱን ልንገርሽ። አንድ አባት አህያዬ ተበላች ብለው ጠሩኝ፣ ከአላሙራ ስር ነው ቤታቸው፣ በጠዋት ሄድኩ። ሰፈሩ ተሰብስቧል፣ ሁሉም «ጅብ ነው ጅብ ነው» ይላል፣ አንዱ ወጣት ደሞ ሌሊት ያየሁት ጅብ ጥጃ ያክላል፣ ጅብ ብቻ አይመስለኝም እያለ ያወራል። ሬሳዋን አየሁ። የኋላ እግሯና ብልቷ አካባቢ ብጭቅጭቅ ብሏል፣ ብዙ ትናንሽ የጥርስ ቀዳዳ፣ እዚም እዚያም፣ ሆዷ ተከፍቷል ግን የጭኗ አጥንት ደህና ነው፣ ጭንቅላቷ ደህና ነው፣ ጎድኗ ሳይቀር አለ። ጅብ አጥንት አይተውም እኮ። ጅብ በልቶ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ምናገኘው ሰኮና፣ ትንሽ ጸጉርና የደም ምልክት ነበር፣ ከጎኑ ደሞ ነጭ ሰገራ፣ ከአጥንቱ ካልሲየም የተነሳ ሲደርቅ ልክ እንደ ኖራ ይነጣል። አጥሩን ዞርኩት፣ ምንም ነጭ ነገር የለም። ጭቃው ላይ ደሞ የውሻ ዱካ ሞልቷል፣ ቢያንስ የሶስት። ዝም አልኩ። ሰውም ዝም አለ። ምክኒያቱም ሶስት ውሻ ያለውና ማታ ማታ ሚለቀው ሰውዬ እዛው መሀላችን ቆሟል፣ ጋቢውን እያስተካከለ መሬት መሬት ያያል። አባትየው በኋላ ለብቻቸው ሲሸኙኝ ምን አሉኝ መሰለሽ፣ «ልጄ ጅብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ከጅብ ጋር ነገ ቡና አልጠጣም።»

ይሄ ነገር ወደ አያትሽ ይወስደኛል። አያትሽን አክብሪያቸው ግን እዚ ላይ አልስማማም። ጅብ ሁሉ ጅብ አደለም ሚለው ወሬ ማን ላይ እንዳረፈ ታውቂያለሽ፣ ቀጥቃጭ ላይ፣ ሸክላ ሰሪ ላይ፣ ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል እየተባለ። ማረሻውን የሰራለት፣ ምጣዱን የሰራችለት ሰው ነው ደሞ ሚሰድባቸው። አሁን ፊልሙን አስታውሺ። ኤዲ የሚባለው የአሜሪካ ነባር ተወላጅ ልጅ፣ ድልድይ አናት ላይ ብረት ሚሰራው፣ መርማሪው መጀመሪያ ሚጠረጥረው እሱን ነው አደል? ማታ ባህር ዳር ተከትሎት ሄዶ ልብሱን አውልቆ እንደ አውሬ ሲሮጥ፣ ውሃ ሲልስ ያየዋል፣ አንቺም እኔም በቃ ተቀየረ ብለን ጠበቅን። ልጁ እየተጫወተበት ነበር። ሞሆክ ሚባሉት የአገሬው ሰዎች ለብዙ ትውልድ የኒውዮርክን ድልድይና ፎቅ ብረት ሲያቆሙ የኖሩ ናቸው፣ ፊልሙ ያንን ነው ያነሳው። ልብ በይ፣ እዛም እዚም ተጠርጣሪው ብረት ሰራተኛ ነው። ውቅያኖስ ተሻግሮ እንዴት እንደዚ ይገጣጠማል ብዬ እኔ አንድ ሁለት ቀን አስቤበታለሁ፣ መልስ አላገኘሁም። ብቻ ለፊልሙ ያለኝ ክብር እዛ ጋ ጨመረ፣ ሰው አውሬ ይሆናል ሚለውን አሳይቶን አሳይቶን መጨረሻ ላይ እምቢ አለ። (መጨረሻው ራሱ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ፣ መርማሪው የህንጻውን ሞዴል ሰባብሮ ተኩላዎቹን ሲያሳምን ማለቴ ነው። ተኩላ የሪል እስቴት ማኬት ሚያነብ ከሆነ እኔ ዲግሪዬን እመልሳለሁ። ከዛ ደሞ አሸባሪዎች ናቸው ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፣ እሱ እንኳን ያሳምናል፣ ሪፖርት እንደዛ ነው።)

አሁን ያንቺ ጉዳይ። ማታ 4 ሰአት፣ ከፋብሪካ እስከ ቤት። በፈረንጅ ከ2002 እስከ 2020 አለም ላይ የተመዘገበ የተኩላ ጥቃት የሰበሰበ ጥናት አለ፣ 489 ሰው ተነክሷል፣ ከነዛ ውስጥ 26ቱ ሞተዋል። በ18 19 አመት፣ በብዙ አገር፣ ይሄው ነው። ግን 489ኙን ከፍተሽ ስታዪው 380ው ያበደ ተኩላ የነከሳቸው ናቸው። አውሬው ሊበላቸው አደለም፣ ታሟል፣ ጭንቅላቱን ቫይረስ ይዞታል። ቀይ ቀበሮን ማን ይጨርሰዋል ብዬሽ አልነበር፣ እሱው ነው። በ2003 በፈረንጅ ባሌ ዌብ ሸለቆ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ እዛ ካሉት ከአራቱ ሶስቱን ያህል ወሰዳቸው፣ ያመጣው ደሞ የእረኛ ውሻ ነው። ያ አስፈሪ ተኩላ ምንለው እንስሳ የሰፈር ውሻ ፈርቶ ነው ሚኖረው ማለት ይቻላል። ሰውም ጋ ያው ነው፣ በእብድ ውሻ በሽታ አለም ላይ በአመት ወደ 59 ሺ ሰው ይሞታል ተብሎ ይገመታል፣ ከመቶ 99 ያህሉ ከውሻ ነው። ጅብ አደለም፣ ተኩላ አደለም። ሰፈራችን ማታ ማታ ተለቆ ሚያድረው፣ ቡቺ ምንለው።

ስለዚ ውሻ ሲመጣብሽ አትሩጪ፣ ሩጫ ማለት ለሱ ተከተለኝ ማለት ነው። ቁሚ፣ አይኑን አትፍጠጪበት፣ ቦርሳሽን በመሀል አርጊ፣ ቀስ ብለሽ በጎን ውጪ። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሱ መምሰል ሚለውን እናቶቻችን ያስተማሩን ነገር ይሰራል፣ ድንጋይ ባይኖርም ይሰራል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ውሻ ሁሉ ጎንበስ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ብቻ እብድ ውሻ ላይ አይሰራም፣ እሱ ድንጋይም አይፈራ። መንጋጋው ተንጠልጥሎ ለሀጩ ሚዝረበረብ፣ ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ሚሄድ፣ ወይ ያለምንም ምክኒያት እንጨት ሁሉ ሚነክስ ካየሽ ራቂው፣ ለሰውም ተናገሪ።

ከነከሰሽ፣ ወይ ቧጥጦሽ ምራቁ ቁስል ካገኘ፣ ቤት ገብተሽ ነገ አያለሁ አትበይ። ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢው፣ ሰአት ይዘሽ፣ 15 ደቂቃ ስትቆጥሪው በጣም ረጅም ነው፣ ሰው ሁለት ደቂቃ አጥቦ ይተዋል። ከዛ በዛው ቀን ጤና ጣቢያ፣ ክትባቱን ጠይቂ፣ የተሰጠሽን ቀጠሮ አንዱንም ሳትዘልይ ጨርሺ። ጸበል መሄድ ምትፈልጊ ከሆነ ሂጂ፣ ግን ከክትባቱ በኋላ። ይሄን ደጋግሜ ምለው ምልክቱ አንዴ ከጀመረ ማንም ሀኪም ሚያደርግልሽ ነገር ስለሌለ ነው፣ እስከዛ ግን ክትባቱ በሰአቱ ከተወሰደ ያድናል። ቤት ልጆቹ ውሻ ካላቸው ወይ ግቢው ውስጥ ካለ አከራይሽን በአመት አንዴ አስከትቡት በይ፣ በአንድ ሰፈር ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ከተከተበ በሽታው መንገድ ያጣል።

ጅብ ካጋጠመሽም ብዙ ለውጥ የለውም፣ አትሩጪ፣ ጀርባሽን አትስጪው፣ ስልክሽን አብሪ፣ ጩኺ፣ እሱ በአብዛኛው ቀድሞ ነው ሚሄደው። ሁለት ሶስት ሆናችሁ ውጡ፣ ብቻዋን ወደኋላ ምትቀር ልጅ ካለች ጠብቋት። እና ከስጋ ቤቱ ጀርባ፣ አጥንት ከሚጣልበት ጋ ያለውን አቋራጭ ተዉት፣ ሁለት ደቂቃ ቢያስረዝምባችሁም በአስፓልቱ ሂዱ፣ እዛ ጋ ነው ውሻውም ጅቡም ሚሰበሰበው፣ ያውም ምግብ ላይ ሆኖ። እኔ እንደሚመስለኝ አይን ምታይውም እዛው ጋ ነው፣ አልጻፍሽውም ግን ልገምት።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። በቀን፣ ስራ በሌለሽ ቀን፣ በዛ መንገድ ሂጂና ዳር ዳሩን እዪ። ደርቆ እንደ ኖራ የነጣ ሰገራ ካገኘሽ በስልክሽ አንሺና ላኪልኝ፣ ጅብ አላችሁ ማለት ነው፣ በየት በኩል እንደሚገባ አብረን እናያለን። ምንም ነጭ ነገር ከሌለ ያየሽው ውሻ ነው፣ የማን እንደሆነ ደሞ ሰፈሩ ያውቃል።